ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ ሲያፈስ፦ ከመፍታት በፊት ማስተዋል

በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን ለእረፍት ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ የሚጠቅማችሁን አንድ ጉዳይ ይዘን መጥተናል።

ባለፈው እረፍት የአንድ ጓደኛችን እናት ለሱብሒ ሲነሱ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል በውሃ ተጥለቅልቆ አገኙት። ማሽኑ ማታውኑ ጠፍቷል፤ ውሃው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲገባበት አድሯል። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ወለል ላይ ስለነበር እግራቸውን ነዘራቸው። አላህ ጠብቋቸዋል፣ አልሐምዱሊላህ። «እናንተ ኢንጂነር ልትሆኑ አይደል? እስኪ እዩልኝ» ብለው ጠሩን። እኛም ካቻቪቴ ይዘን በቀጥታ የመቆጣጠሪያ ቦርዱን ፈታን። ግማሽ ቀን ደክመን ምንም አላገኘንም።

ስህተታችን ተርቲብ ማጣት ነበር። መድረሳ ውስጥ ውዱእን በቅደም ተከተሉ እንደተማርነው ሁሉ፣ ብልሽት ፍለጋም ቅደም ተከተል አለው።

1. አደጋውን አስወግዱ። ወለሉ እርጥብ ከሆነ ማከፋፈያውን አትንኩ፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉ፣ የውሃውን ቧንቧ ዝጉ።

2. መቼ እንደሚያፈስ ለዩ። ውሃ በሚሞላበት ጊዜ የሚያፈስ ከሆነ ከኋላ ያለውን የመግቢያ ጎማ እዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ መጋጠሚያው ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት መድረቁ ነው፤ ቀለበቱን መቀየር እንጂ በኃይል ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም። በሚያጥብበት ጊዜ ከሆነ የበሩን ጎማ አጥፋችሁ ተመልከቱ፤ ተቀዶ ወይም ፀጉርና ሳንቲም ይዞ ይሆናል። ለእጅ አጠባ የተሠራ የዱቄት ሳሙናም አረፋው በዝቶ በሳሙና መሳቢያው ይወጣል። ውሃ በሚያስወጣበት ጊዜ ከሆነ ደግሞ የማስወጫ ቱቦውንና የፓምፑን ማጣሪያ አጽዱ። ከኪስ የወጣ የመፋቂያ ስንጥር እንኳ ፓምፕ ያቆማል።

3. ጠፍቶ ሳለ ውሃ የሚገባበት ከሆነ ቫልቩን ፈትኑ። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሶኬቱ እንደተነቀለ ቧንቧውን ብቻ ክፈቱ። ውሃ ከገባ ጥፋቱ የራሱ የቫልቩ ነው፤ ቦርድ መፍታት አያስፈልግም። ሶኬቱ ሲነቀል ውሃው ከቆመ፣ ሲሠራ ግን ከመጠን በላይ የሚሞላ ከሆነ የውሃውን ከፍታ የሚለካውን ክፍል፣ ወደ እሱ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ወይም ቦርዱን ጠርጥሩ።

ይህ ለምን ይሆናል? በቫልቩ ውስጥ ትንሽ ቀዳዳ ያለው የጎማ ሽፋን አለ። በቀዳዳዋ አልፎ ከሽፋኑ በላይ የሚጠራቀመው ውሃ ሽፋኑን ተጭኖ ይዘጋዋል። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የተጠቀለለው ሽቦ መግነጢስ ይሆንና ትንሿን ብረት ይስባል፤ ከላይ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ የመስመሩ ግፊት ሽፋኑን ያነሳዋል፣ ውሃ ይገባል። እንግዲህ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ቀዳዳዋን ከደፈነች ወይም ሽፋኑ ስር ከገባች ቫልቩ አይዘጋም ማለት ነው።

4. ውሃ አልሞላ ካለ ከወንፊቱ ጀምሩ። ጎማው ከማሽኑ በሚጋጠምበት ቦታ ያለችውን ወንፊት በፒንሳ ቀስ ብላችሁ አውጡና አጥባችሁ መልሱ። ቀጥሎ ግፊቱን አስሉ፦ 10 ሜትር የውሃ ከፍታ 1 ባር ያህል ይሰጣል። ስለዚህ 3 ሜትር ላይ የተሰቀለ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ገደማ ነው፤ ይህ ለብዙ ማሽኖች አይበቃም ወይም ዝቅተኛው ወሰን ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሶኬቱ እንደተነቀለ የቫልቩን ሽቦ በቴስተር ለኩ። በ220 ቮልት የሚሠራ ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ኦም ያሳያል፤ ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል።

ወደ እናታችን ማሽን እንመለስ። ፈተናውን ስናደርግ ውሃው ገባ። ቫልቩን ብንፈታው ውስጡ አሸዋ ነው፤ ወንፊቱ ደግሞ የለም። ያኔ ትዝ አለን፦ ባለፈው ዓመት የሮቶው ውሃ ሲዘገይ «ይፍጠን» ብለን ያወጣነው እኛው ነበርን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መስመሩ እንደገና ሲለቀቅ ደለል ይዞ ይመጣል፤ ያንን የምታስቀረው ወንፊቷ ነበረች። አፍረን ነገርናቸው። «መታወቁ ነው ዋናው» አሉን። አዲስ ቫልቭ ከነወንፊቱ ገጠምን፣ ማከፋፈያውንም ከወለል አንስተን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

ከዚህ የተማርነውን እናካፍላችሁ። የማትረዱትን ክፍል ከቦታው አታውጡ። ከእያንዳንዱ አጠባ በኋላ ቧንቧውን ዝጉ፤ ቫልቩ ቢበላሽ እንኳ ቤቱ ከጎርፍ ይድናል። ማሽኑ የሚነዝር ከሆነ ኤርዙ በባለሙያ እስኪታይ ድረስ አትጠቀሙበት። በውዱእ ውሃ እንኳ ኢስራፍ እንዳይኖር ተምረናል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈስ ውሃማ እንዴት ዝም ይባላል? ቤተሰብ «ተምረዋል» ብሎ የሚሰጠን እምነት አማና ነውና በጥንቃቄ እንያዘው።