የቀይ ባሕር እሾሆች፦ ጥንቃቄና የመጀመሪያ እርዳታ

አብዛኛዎቻችን የደጋ ልጆች ነን፤ እባብንና ጊንጥን እንጂ የባሕርን ተናዳፊ አናውቅም። ባለፈው ዕረፍት ወደ ቀይ ባሕር ወርደን ሳለ አንድ ጓደኛችን በባዶ እግሩ የድንጋይ ዓሣ ረገጠ። እኛም የሕክምና ተማሪዎች ነን ብለን እግሩን በጨርቅ ጠፍረን አሰርን፤ በረዶም አደረግንበት። ሁለቱም ስሕተት ነበር። ሕመሙ የበረደለት ሐኪም ቤት ደርሶ ነርሷ እግሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ ስትከትለት ነው። ይህን ትምህርት የምናቀርበው ስሕተታችን በሌሎች እንዳይደገም ነው።

ሀ. የድንጋይ ዓሣ። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ይተኛል፤ መልኩ ከድንጋይ አይለይም። በጀርባው 13 እሾሆች አሉት። ሲረገጥ በየእሾሁ ያሉት ከረጢቶች መርዛቸውን ወደ ቁስሉ ይረጫሉ። መርዙ በሙቀት የሚፈርስ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ የተወጋውን እግር ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቅ ውኃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መዘፍዘፍ ነው። የውኃውን ሙቀት ረዳቱ በራሱ እጅ ይለካ፤ የተወጋው ሰው ከሕመሙ ብዛት ቃጠሎውን ላይለየው ይችላልና። ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል፤ ስባሪ እሾህ ሊቀር፣ ቴታነስም ሊከተል ይችላል።

ለ. ስቲንግሬይ። ጅራቱ ላይ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ ሲሆን አሸዋ ለብሶ ይተኛል። እግር ከተወጋ እርዳታው ያው ሙቅ ውኃ ነው። ነገር ግን ደረት፣ ሆድ ወይም አንገት ላይ የተሰካ እሾህ አይነቀልም፤ እንዳለ ደግፎ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ነው። አውስትራሊያዊው ስቲቭ ኧርዊን እ.ኤ.አ. በ2006 የሞተው ደረቱን በዚህ ዓሣ ተወግቶ ነው።

ሐ. ሾጣጣ ዛጎል። ውበቱ ያታልላል፤ ውስጡ ያለው ቀንድ አውጣ ግን መርዘኛ ጥርሱን እንደ ጦር ይወረውራል። ሕመሙ ቢቀልም ጡንቻን አሽመድምዶ ትንፋሽ ሊያቋርጥ ይችላል። እዚህ ላይ ደንቡ ይለወጣል፦ እጁን የደም ዝውውር ሳያቋርጡ ከጣት እስከ ብብት በሰፊ ፋሻ ጠቅልሎ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፤ ትንፋሽ ካቆመ አፍ ለአፍ እየነፉ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጥንቃቄው ቀላል ነው። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ማድረግ፤ አሸዋ ላይ እግርን ሳያነሡ እየጎተቱ መራመድ፤ ዛጎልን በእጅ አለማንሣት። ለሻይ የምንይዘውንም የሙቅ ውኃ ቴርሞስ አንጨርሰው፤ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ተመጥኖ መድኃኒት ይሆናል።