የአያት በገና ዕድሜውና ዋጋው እንዴት ይታወቃል?

አያት ያርፋሉ፣ ቤቱ ይፈርሳል፣ ከቆጡ ላይ ወይም ከአልጋው ኋላ አንድ በገና ይወጣል። ያኔ ቤተ ዘመዱ ሁሉ የሚጠይቀው ስንት ዘመን እንደኖረና ስንት እንደሚያወጣ ነው። የሁለቱም መልስ በአብዛኛው ያለው ሊጠረግ በተዘጋጀው አቧራና ጥላሸት ውስጥ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እጅዎን ይሰብስቡ። በእርጥብ ጨርቅ አይጥረጉት፣ ቅባት አይቀቡት፣ ቫርኒሽ ደግሞ ፈጽሞ አያስነኩት። በቀን ብርሃን ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱት። የተበጠሰ አውታር ወይም የወደቀ የቆዳ ቁራጭ ካለ በወረቀት ፖስታ ያኑሩ።

ሁለተኛ፣ በገና መሆኑን ያረጋግጡ። ማሲንቆ ባለ አንድ አውታር ስለሆነ አያሳስትም፤ የሚያሳስተው ክራር ነው። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር አለው፤ በገና አሥር። አውታሮቹ ከጠፉ ከላይ ባለው አግዳሚ እንጨት፣ በቀንበሩ ላይ፣ መቃኛዎቹ የነበሩበትን ምልክት ይቁጠሩ። አውታሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማና በአውታሮቹ መካከል የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራዎቹ፣ ከተገኙ ጥሩ ምስክር ናቸው፤ ያ የሚነዝር ድምፅ የሚመጣው ከእነሱ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ጊዜ የሚወስደው ነው፤ አይቸኩሉ። እጅ የት የት እንደነካው ይፈልጉ። በገና ሲቃኝ አውታሩ በቀንበሩ ላይ ይዞራል፤ በገናው ለብዙ ዓመት ከተደረደረ ቀንበሩ በእነዚያ ቦታዎች ተፍቆ ይለሰልሳል። ቀንበሩን ከተሸከሙት ሁለት ምሰሶዎች ደርዳሪው የሚደግፍበትም በላብና በእጅ ቅባት ይወዛል፤ ሌላው ምሰሶ ግን ያን ያህል አይወዛም። ሆን ተብሎ በጭስ የጠቆረ አዲስ ዕቃ ይህ ልዩነት የለውም፤ ጥቁረቱ ከላይ እስከ ታች፣ በስንጥቁም ውስጥ ሳይቀር አንድ ዓይነት ነው። ከአንድ የላላ መቃኛ ሥር ቀስ ብለው ይመልከቱ፦ በእውነት ያረጀ ከሆነ የተሸፈነው እንጨት ከተገለጠው ይልቅ ፈካ ያለ ይሆናል። ከታች ያለውን የድምፅ ሳጥን፣ ገበቴውንም፣ ይዳስሱ። በእጅ የተፈለፈለ ገበቴ ወጣ ገባ የመሣሪያ አሻራ አለው፣ ውፍረቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል።

አራተኛ፣ ዕድሜውን የሚገድብ ነገር ይፈልጉ። ባህር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው፤ እንግዲህ ምሰሶው የባህር ዛፍ ከሆነ ያ ምሰሶ ከዚያ አይቀድምም። እንጨቱን መለየት ካልቻሉ አናጢ ይጠይቁ። ዋናው አካል የቆየ ሆኖ ምሰሶው ብቻ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል የቀንበሩን ቀዳዳዎች ያስተያዩ፤ የሰፋ ወይም በሽብልቅ የተሞላ ቀዳዳ የለውጥ ምልክት ነው። የፋብሪካ ምስማርም እንዲሁ ነገር ያወጣል። ናይሎን ገበያ ላይ የዋለው በ1930ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) መገባደጃ ነው፤ ነገር ግን አውታር የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ አዲስ አውታር በገናውን አዲስ አያደርገውም። የአንጀት አውታር ቢጫ ቢጤ ነው፣ ተጠማዝዞ የተሠራበት ይታያል፣ ውፍረቱም እኩል አይደለም።

አምስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ማን ሠራው? ማን ደረደረው? በዐቢይ ጾም የት ይቀመጡ ነበር? ከማን ተማሩ? ይህን የሚያውቁ አክስት ወይም የደብር አገልጋይ በሕይወት ሳሉ ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው፤ ድምፃቸውን በስልክ ይቅረጹ። እንጨቱ ብቻውን አገሩን አይናገርም። በገና የካህናትና የመኳንንት መሣሪያ ሆኖ የኖረ ነው፣ እቴጌ ጣይቱም ይደረድሩ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ሻጭ ሁሉ «የቤተ መንግሥት ነው» ማለት ይወዳል። ማስረጃ ከሌለ አይቀበሉ። ባለቤቱ የታወቀ ተራ በገና፣ ባለቤቱ ከማይታወቅ ያማረ በገና ይበልጥብኛል።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋጋው ይሂዱ። በገና ለሚሠራ ባለሙያ ያሳዩት፤ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ካሉት መሣሪያዎች ጋርም ያስተያዩት። ሊገዛ የመጣ ሰው ገማች አይሁን። ዋጋ የሚያወጣው አካሉ ሳይጎድል መገኘቱ፣ አሁንም መደርደር መቻሉና ታሪኩ መታወቁ ነው። ከመገመቱ በፊት ቆዳውን አያስለውጡ፤ ለመደርደር ሲሉ ካስለወጡም አሮጌውን ቆዳ አይጣሉት።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ልጅ «የአያቴን በገና ላኩልኝ» ቢል፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ስለዚህ በሻንጣ ከመክተትዎ በፊት ፎቶዎቹንና የቀረጹትን ታሪክ ይዘው ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ይሂዱ። መልሱ እስኪመጣ አውታሮቹን ትንሽ ያላሉ፤ በገናውንም በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ከምድጃና ከእርጥብ ግድግዳ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት።