የባስልኤል ጸጋ፦ ሥዕልና ንድፍ ለሕፃናት እንዴት ይሰጣል?



በኦሪት በስሙ ተጠርቶ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት የተጻፈለት የመጀመሪያው ሰው ነቢይ አይደለም፤ ንጉሥም አይደለም። ከይሁዳ ነገድ የሆነ የእጅ ባለሙያ ነው፤ ስሙም ባስልኤል ይባላል። ወርቁን፣ ብሩንና ናሱን የሚሠራ፣ ዕንቁ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ፣ ንድፍም የሚያወጣ ሰው ነበር። ይህን በዘጸአት ምዕራፍ 31 ካነበብን በኋላ አብዛኞቻችን ወደ ሰንበት ትእዛዝ እናልፋለን። ምዕራፍ 35 ግን አንድ ነገር ይጨምርልናል። እግዚአብሔር በባስልኤልና ከዳን ነገድ በሆነው በረዳቱ በኤልያብ ልብ ውስጥ ማስተማርንም እንዳኖረ ይነግረናል። የዛሬው ትምህርታችን የሚነሣው ከዚህ ነው። መሥራት መቻል አንድ ጸጋ ነው፤ ሌላው እንዲችል ማድረግ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጸጋ ነው።

ይህን የምናገረው በሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል ለምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከ7 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን በቤታችሁ ለምታሳድጉ ወላጆችም ነው። በብዙ አዳራሽ የሥዕል ሰዓት ሲደርስ የሚደረገውን ታውቃላችሁ። ወይ የታተመ የመስመር ሥዕል ይታደልና ልጆቹ ቀለም ይሞሉበታል፤ ወይ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይሥልና ሁሉም ያንኑ ይገለብጣሉ። በመጨረሻ አርባ ተመሳሳይ ወረቀት ይሰበሰባል። ልጆቹ ጸጥ ብለዋል፣ ወረቀቱም ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱ የተሳካ ይመስለናል። እኔ ግን እንዲህ ባለው ሰዓት ልጁ ከመስመር አለመውጣትን እንጂ ሥዕልን አልተማረም እላለሁ። አንዲት ነገር እንኳ በራሱ አልመረጠማ!

እግዚአብሔር ለባስልኤል የደብተራ ኦሪትን ሥራ እንዴት እንደ ሰጠው እንመልከት። ታቦቱ ከግራር እንጨት እንዲሠራ ታዘዘ። ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል፣ ቁመቱም አንድ ክንድ ተኩል ነው። እዚህ ላይ ባለሙያው የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም። ወደ መቅረዙ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወርቁ አንድ መክሊት ይሁን፣ ቅርንጫፎቹ በአንድ ወገን ሦስት በሌላው ወገን ሦስት ይሁኑ፣ ጽዋዎቹ የለውዝ አበባ ይምሰሉ ተባለ፤ ቁመቱ ስንት ክንድ እንደ ሆነ ግን አልተጻፈም። ኪሩቤልም ክንፋቸውን ዘርግተው የስርየት መክደኛውን እንዲሸፍኑ፣ ፊት ለፊት እንዲተያዩ ታዘዘ። ፊታቸው ምን እንደሚመስል ዘጸአት አይነግረንም። ሕጉ ተሰጠ፣ ምሳሌውም በተራራው ላይ ለሙሴ ታየ፤ በዚያ ሕግ ውስጥ ደግሞ ባስልኤል የተቀበለው ጥበብ የሚሠራበት ቦታ ተተወ። ሁሉም ነገር በክንድ ተለክቶ ቢያልቅ ኖሮ ለባስልኤል ክንዱ ይበቃው ነበር፤ መንፈስ ለምን ይሞላበታል?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ በደንብ መመለስ ያለበት ጥያቄም ነው። «የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የተማረው የመምህሩን እጅ እየተከተለ አይደለም ወይ? ታዲያ መገልበጥ ምን ነውር አለው?» የሚል ሰው አለ። እውነት ነው፣ ተከትሎ ነው የተማረው። ነገር ግን ምኑን እንደ ተከተለ ለማወቅ በብራና መጻሕፍታችን ላይ ያለውን ሐረግ ተመልከቱ። ሐረግ በመጽሐፉ መጀመሪያ ወይም በምዕራፉ አናት ላይ የሚሣለው የተጠላለፈ ጌጥ ነው። ሕጉ የታወቀ ነው፦ ሰቁ ይሰመራል፣ ክሩ ይቆላለፋል፣ አንዱ ከላይ ሲያልፍ ሌላው ከታች ያልፋል። ሆኖም የሁለት ጸሐፍትን ሐረግ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ቋጠሮው፣ የቀለሙ አመራረጥ፣ የማዕዘኑ አጨራረስ ይለያያል። ደቀ መዝሙሩ የተቀበለው ሕጉን ነው። የመምህሩን ገጽ ይዞ ቢቀር ኖሮ ያቺን አንዲት ገጽ ብቻ መሥራት ይችል ነበር፤ ሕጉን ስለያዘ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሠራ።

ስለዚህ ለሦስተኛና ለአራተኛ ክፍል ልጆች የማስቀድመው ሐረግን ነው። ካሬ ደብተር፣ እርሳስና ማስመሪያ ይበቃል። ልጁ በገጹ አናት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቁመቱ አራት ካሬ የሆነ ሰቅ ያስምር። ከሰቁ ታችኛ ጠርዝ ተነሥቶ በአራት ካሬ ርቀት ላይኛውን ጠርዝ ይንካ፣ በአራት ካሬ ደግሞ ወደ ታች ይመለስ፤ እንዲህ እየተመላለሰ እስከ ገጹ ዳር ይሂድ። ሁለተኛው መስመር ከላይኛው ጠርዝ ይነሣና ተቃራኒውን ይሥራ። ሁለቱ በየአራት ካሬው ይቋረጣሉ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ መስመር ጥንዱን ያስምርለት፤ ያን ጊዜ መስመሩ ወርድ ያለው ክር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በአንድነት ይሠራል፤ መምህሩም በሰሌዳው ላይ አብሮ ይሠራል።

ከዚህ በኋላ መምህሩ ጠመኔውን ያስቀምጥና ይጠይቅ፦ «በመጀመሪያው መገናኛ ላይ የትኛው ክር ከላይ ይለፍ?» መልሱ የልጁ ነው። «በሁለተኛው ላይስ?» እዚህ ላይ ግን ሕጉ ይመልሳል፤ ከላይ ያለፈው አሁን ከታች ያልፋል። ልጁ ከታች የሚያልፈውን ክር መስመር ቆርጦ ማቆም አለበት፤ ብዙዎች እዚህ ጋ ይሳሳታሉ። አታጥፉላቸው። «ይህ ክር ወዴት ገባ? በየት ወጣ?» ብላችሁ በጣት አስከትሏቸው። ጣታቸው መንገዱ ሲዘጋባት ስሕተቱን ራሳቸው ያገኙታል። ሹሩባ የምትሠራ ልጅ ካለች ሦስተኛ ክር ጨምሩላት፤ የጉንጉኑን ሕግ እጇ አስቀድሞ ያውቀዋልና ከመምህሯ ቀድማ ትጨርሳለች። በክሮቹ መካከል የሚቀሩት ክፍተቶችና የሰቁ ጫፎች ለልጁ የተተወ ቦታ ናቸው። ወፍ፣ ቅጠል፣ መስቀል የሚያስገባ አለ፤ ባዶውን የሚተውም አለ፤ ሁለቱም ምርጫ ነው። ቀለሙን ለሚቀጥለው እሑድ አቆዩት። በአንድ ቀን ሁሉን ለመጨረስ የሚደረገው ጥድፊያ የልጁን ሥራ ያበላሻል።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ክርስቲያንና ሙስሊም ልጆች አብረው በሚቀመጡበት ክፍል ይህንኑ መንገድ በሐረሪ ስፌት ወይም ከየቤቱ በመጣ ሰፌድና ሌማት መምራት ይቻላል። ስንደዶው እየተጠመጠመ፣ አክርማው እየተወጋ ዙሩ በሰፋ ቁጥር ጌጡም አብሮ መስፋት አለበት፤ አለዚያ ዙሪያውን ሄዶ ከጀመረበት አይገጥምም። ልጆቹ የጌጡን ብዛት ይቁጠሩ፣ ለስንት እኩል እንደ ተከፈለ ያግኙ። በኦሪትም ጥበበኞች ሴቶች በእጃቸው ፈትለው ለደብተራ ኦሪት እንዳመጡ ተጽፏልና ስፌት የምትሰፋ እናት ወስፌዋን ይዛ ወደ ክፍሉ ብትጋበዝ ክብሩ የመምህርነት ክብር ነው።

ስለ ታናናሾቹ ደግሞ ለብቻ ልናገር። የሰባት ዓመት ልጅ አባቱን ከቤቱ አስበልጦ ይሥላል፤ በቤቱ ውስጥ ያለችውን እናቱንም ግድግዳው እንደሌለ አድርጎ ያሳያል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ የሚያውቀውንና የሚወደውን በመጠኑ እያስቀመጠ ነው። በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይም ቅዱሱ በዙሪያው ካሉት ሰዎች ገዝፎ ይሣላል። ስለዚህ «ሰው ከቤት ይበልጣል እንዴ?» ብላችሁ አታሳፍሩት። በኦስትሪያ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ቪክቶር ሎዌንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፉ ልጆች በሥዕል የሚያልፉባቸውን ደረጃዎች በዝርዝር አስቀምጧል፤ የተዘጋጀ ሥዕል ማስገልበጥንም አጥብቆ ተቃውሟል። ዘጠኝና ዐሥር ዓመት ሲሞላው ልጁ የሠራውን በዐይኑ ካየው ጋር ማወዳደር ይጀምራል። «አልችልም» ብሎ ወረቀቱን በክንዱ የሚሸፍነው ያን ጊዜ ነው። ከሁሉ ይልቅ መምህር የሚያስፈልገው በዚህ ሰዓት ነው፤ መለካትን፣ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ማስተያየትን፣ ብርሃኑ ከየት እንደ መጣ ማየትን በትዕግሥት አሳዩት። እዚህ ካልተያዘ ብዙው ሰው እርሳሱን ለዘለዓለም ያስቀምጣል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ቅዱሳት ሥዕላትን በተመለከተ መለየት ያለብን ነገር አለ። ለጸሎትና ለክብር የሚቆም ሥዕል ሥርዓት አለው፤ የልጅ መለማመጃ በዚያ ቦታ አይተካም። የልጁ ሥራ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ነገር ግን ልጆች ቅዱሳት ሥዕላትን ማንበብ እንዲማሩ ግድ ነው። የሥላሴን ሥዕል ፊታቸው አቁሙና ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላችሁ አስመልክቷቸው። ከዚያ ጠይቁ፦ «ታላቁ የትኛው ነው?» ይፈልጋሉ፤ ጢም ከጢም፣ ልብስ ከልብስ፣ እጅ ከእጅ ያስተያያሉ። ሦስቱ ፍጹም እኩል ሆነው በመሣላቸው ታላቅና ታናሽ አያገኙም። «አንድ ናቸው!» የሚል ድምፅ ሲሰማ «ስንት ሆነው ታያላችሁ?» በሉ። በአካል ሦስት፣ በመለኮት አንድ የሚለውን ትምህርት አፋቸው ከመድገሙ በፊት ዐይናቸው ተቀበለው ማለት ነው። በማዕዘኖቹ ያሉትን አርባዕቱ እንስሳም አስቆጥሯቸው። በሌላ ቀን የስቅለትን ሥዕል አምጡና በጎዎቹ ሁለቱም ዐይናቸው እየታየ፣ ክፉዎቹ ግን በጎን አንድ ዐይን ይዘው የተሣሉት ለምን እንደ ሆነ ይናገሩ። ለራሳቸው ሥዕልም ይህን ጥበብ መጠቀም ይጀምራሉ።

«ቀለም ከየት እናምጣ?» የሚለው ጭንቀት እውነተኛ ነው፤ ብዙ ቦታ ልጆቹ እርሳስ እንኳ ይጋራሉ። ያም ሆኖ ከወጥ ቤት የማይጠፋ ነገር አለ። እርድ በውኃ ሲበጠበጥ ቢጫ ይሰጣል፤ በዚያው ላይ የአመድ ውኃ ጠብ ሲል ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ ይህን ያየ ልጅ ደግመን እንሥራ ማለቱ አይቀርም። ቀይ ሥር ተከትፎ ይጨመቃል፣ ጎመን ተወቅጦ አረንጓዴ ይወጣዋል፣ ጥቁሩን ከሰል ይሰጣል። የቀይ ሥሩና የእርዱ ቀለም ፀሐይ ላይ ስለሚደበዝዝ ሥራዎቹን ከመስኮት አርቃችሁ ስቀሉ። ብሩሽ ባይኖር የእንጨት ጫፍ ታኝኮ ይሠራል።

ሥራው ሲያልቅ «ጎበዝ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። በዘፍጥረት ፈጣሪ የፈጠረውን መልካም እንደ ሆነ አየ ተብሎ በተደጋጋሚ ተጽፏል፤ ሠርቶ ማየት የሥራው ክፍል ነው። ከሰዓቱ የመጨረሻዎቹን ዐሥር ደቂቃዎች ለማየት ብቻ ለዩ። ወረቀቶቹ መሬት ላይ ይዘርጉ፣ ልጆቹ በዙሪያው ይቁሙ። እያንዳንዱ ስለ ጓደኛው ሥራ ያየውን አንድ ነገር ይናገር፤ «ያምራል» ሳይሆን «ቀዩ ክር ሦስት ጊዜ ከላይ አለፈ» ዓይነቱን። ከዚያ ባለቤቱ የቱን ቦታ ደግሞ ሊሠራው እንደሚፈልግ በጣቱ ያሳይ። ስሙንም በግርጌው ይጻፍ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፍሬ ጽዮን በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ በመጻፉ ዛሬ ማን እንደ ሣለው እናውቃለን። ወረቀቶቹን አትጣሏቸው፤ በየልጁ ስም አቃፊ ሠርታችሁ አስቀምጡና በዓመቱ መጨረሻ ከመጀመሪያው ሐረግ ጀምሮ በተራ ለወላጆቹ አሳዩ።