ቀብድ ከመቀበል በፊት ሰሌዳውን ማየት፦ ስክረም ወይስ ካንባን?

በእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ ቁስቋምና በሽሮ ሜዳ ዙሪያ ሽመና ነባር መተዳደሪያ ነው። ብዙው ሸማኔ በቤቱ ይሠራል፤ ነጋዴው በሱቁ ትዕዛዝና ቀብድ ይቀበላል። የጥምቀትና የጥር ሠርግ ትዕዛዝ ሲደራረብ ግን የትኛው ቀሚስ ገና ሽመና ላይ እንዳለ፣ የትኛው ስፌት እንደሚጠብቅ ለማወቅ ያስቸግራል። ውጤቱም የታወቀ ነው። በዓሉ ያልፋል፣ ደንበኛው ቀብዱን ይጠይቃል፣ ገንዘቡ ግን ክር ተገዝቶበታል።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ የሥራ ሰሌዳ ነው። በግድግዳ ላይ «ትዕዛዝ»፣ «ሽመና»፣ «ስፌት»፣ «የተረከበ» የሚሉ ዓምዶች ይሠመራሉ። እያንዳንዱ ትዕዛዝ በአንድ ካርድ ይጻፍና ሥራው በተራመደ ቁጥር ካርዱ ወደ ቀጣዩ ዓምድ ይዛወራል። ከሰሌዳዎቹ በስፋት የሚሠራባቸው ሁለት ዓይነቶች ናቸው።

የመጀመሪያው የስክረም ሰሌዳ ነው። ስክረምን ጄፍ ሰዘርላንድና ኬን ሽዋበር የተባሉ አሜሪካውያን የሶፍትዌር ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ለሙያ አጋሮቻቸው አቅርበውታል። በዚህ አሠራር ቡድኑ ከአንድ ወር ላልበለጠ ጊዜ የሚሠራውን መርጦ ይነሣል፤ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ተሰብስቦ ሥራውን ይገመግማል። ጊዜው ሲያበቃ ውጤቱ ታይቶ አዲስ ዙር ይጀመራል። በዙሩ መሐል ዓላማውን የሚያናጋ ለውጥ አይፈቀድም።

ሁለተኛው የካንባን ሰሌዳ ነው። መነሻው የጃፓኑ ቶዮታ ሲሆን ታይቺ ኦኖ የተባሉት መሐንዲስ ከአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች አሠራር ሐሳቡን ወስደው እ.ኤ.አ. በ1953 በፋብሪካቸው የማሽን ክፍል ሥራ ላይ አዋሉት። እዚህ የተወሰነ ዙር የለም፤ ትዕዛዝ በመጣ ጊዜ ይገባል። ነገር ግን ለየዓምዱ ጣሪያ ይበጅለታል። ጣሪያው ከሞላ አንድ ካርድ ሳይወጣ ሌላ አይገባም።

የጃፓን የምርት አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 2009 እስከ 2011 በጃፓን ድጋፍ ካይዘን በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በዚያው በ2011 ተቋቁሟል።

የጣሪያው ጥቅም በስሌት ይታያል። የቁስቋም በዓል ከሚውልበት ኅዳር 6 እስከ ጥምቀት፣ ጥር 11፣ 65 ቀናት፣ ማለትም 9 ሳምንት ከ2 ቀን አለ። አንድ ነጋዴ አራት ሸማኔዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው በሳምንት ሁለት የቀሚስ ሸማ ያደርሳሉ እንበል። በሳምንት 8፣ በ9 ሳምንት 72 ይሆናል። ነጋዴው በዚህ ተማምኖ የ72 ቀሚስ ቀብድ ይቀበላል። ሰፊው ግን በሳምንት ከ5 በላይ የማይጨርስ ከሆነ ለበዓሉ የሚደርሰው 45 ብቻ ነው። ሃያ ሰባት ደንበኞች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ይህ ነጋዴ አምስተኛ ሸማኔ ቢቀጥር የሚያድገው የሸማው ክምር እንጂ ሽያጩ አይደለም። በ«ስፌት» ዓምድ ላይ የስድስት ካርድ ጣሪያ ቢኖር ግን ችግሩ በየት በኩል እንደሆነ ገና በኅዳር ይታይ ነበር። ሁለተኛ ሰፊ ለመፈለግም ሆነ ቀብድ መቀበል ለማቆም ጊዜ ይኖራል።

ከዚህ አንጻር ደንበኛ በየቀኑ ለሚመጣበት የትዕዛዝ ሥራ ካንባን ይሻላል። ስክረም የሚያዋጣው ነጋዴው ለሱቁ አዲስ ዲዛይን ሲያወጣ ነው፤ በሁለት ሳምንት ጥቂት ናሙና አሠርቶ፣ የተሸጠውን አይቶ ቀጣዩን ይወስናል።

ሸማኔውና ሱቁ ለተራራቁበት ነጋዴ በስልክ የሚሠሩ ሰሌዳዎችም አሉ። ከታወቁት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ትሬሎ፣ በ2017 ለአትላሲያን ኩባንያ በ425 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ይሁን እንጂ ጣሪያ ያልተበጀለት ሰሌዳ፣ በስልክም ሆነ በግድግዳ፣ የትዕዛዝ መዝገብ ከመሆን አያልፍም።

ስለዚህ ነጋዴው ቀብድ ከመቁጠሩ በፊት መቁጠር ያለበት ከሁሉ የዘገየው ዓምድ በሳምንት ስንት ካርድ እንደሚያሳልፍ ነው። ያ ቁጥር እስከ በዓሉ በቀሩት ሳምንታት ሲባዛ፣ በእጅ ያለው ትዕዛዝም ሲቀነስ፣ የሚተርፈው ሊቀበለው የሚገባው ትዕዛዝ ልክ ነው።