የእጅ ጥበብና የሕሙማን አቀራረብ፤ በፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ሥልጠና ውስጥ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ድርሻ

በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት ቤተ ክርስቲያናችን መጻጉዕን ታስባለች። 38 ዓመት በደዌ የኖረውን ሰው ጌታችን ከመፈወሱ አስቀድሞ ፈቃዱን ጠየቀው፤ እርሱም ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ። ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እንማራለን፤ ሕመምተኛ ፈቃዱ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ነው፤ ደጋፊ ማጣትም በደዌ ላይ የሚጨመር ሌላ ደዌ ነው። ስለ ፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ሥልጠና የምናቀርበው ይህ ትምህርትም በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ የተመሠረተ ነው።

ፊዚዮቴራፒ በሕመም፣ በአደጋ ወይም ከውልደት ጀምሮ የተዳከመን አካል በእንቅስቃሴና በእጅ ጥበብ ወደ አገልግሎቱ ለመመለስ የሚሰጥ ሕክምና ነው። በስትሮክ ግማሽ ጎናቸው የደከመባቸው አረጋዊ፣ ከስብራት በኋላ ጄሶ የተፈታለት ገበሬ፣ እግሩ ተቆልምሞ የተወለደ ሕፃን ይህ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። በአገራችን ትምህርቱን ከሚሰጡት ተቋማት አንዱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ተቋም በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ሲመሠረት የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ሕዝቡ ለመላክ ታስቦ ነበር። የጤና ሙያ በመማሪያ ክፍል ቢጀመርም የሚፈጸመው በሕዝብ መካከል መሆኑን ይህ አሠራር ያስረዳል።

እጅ የሚማረው

ተማሪው በመጀመሪያ ከጓደኞቹ ጋር እየተለማመደ የመገጣጠሚያን የመታጠፍ መጠን በዲግሪ መለካትን፣ የጡንቻን ጉልበት ከ0 እስከ 5 ባለው ደረጃ መመዘንን፣ ሕመምተኛን ከአልጋ በጥንቃቄ ማንሳትን ይማራል። ከዚያም በመምህሩ ዓይን ሥር ሆኖ ወደ ሕሙማን ይቀርባል።

ከዚህ ጥበብ ጥቂቱ ለእኛም ይጠቅማል። በስትሮክ የደከመ ሰው በደከመው ክንዱ ተስቦ አይነሣም፤ ትከሻው ሊጎዳ ይችላልና። ምርኩዝ የሚይዘውም ባልደከመው ወገን እጁ ነው። ከአልጋ መውረድ የማይችልን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ቁስል እንዳይወጣበት ይረዳል።

ጆሮና አንደበት የሚማሩት

በሕክምና ክፍል የሚታየው ሥራ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ቀሪው ልምምድ የሚሠራው በቤት ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ባለሙያውን ካላመነውና የታዘዘውን ካልተረዳ፣ የእጅ ጥበቡ ብቻውን ፍሬ አያፈራም።

ተማሪው ሕመምተኛውን በአልጋ ቁጥሩ ሳይሆን እንደ ዕድሜውና እንደ ማዕረጉ «እማማ»፣ «አባባ»፣ «አባታችን» ብሎ በአክብሮት ይጠራል። ከመንካቱ በፊት ያስፈቅዳል፤ ለሕክምናው ከሚያስፈልገው በላይ አካልን አያጋልጥም። ብዙዎቻችን «እንዴት ነዎት?» ስንባል በጽኑ ሕመም ውስጥ ሆነንም «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። አስተዋይ ተማሪ ምስጋናውን አብሮ ይቀበላል፤ ነገር ግን በዚያ አያበቃም። «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል? ቅዳሴ ሲቆሙ የሚያምዎት የት ላይ ነው?» እያለ ይቀጥላል።

የሕመምተኛውንም ምኞት ይጠይቃል። አንዲት እናት ምኞታቸው ቆመው ማስቀደስ ከሆነ፣ ከበርጩማ መነሣትና መቀመጥን፣ ጥቂት ደቂቃ መቆምን መለማመዱ ትርጉም ያገኝላቸዋል። በመጨረሻም ተማሪው «ገባዎት?» ብሎ አይሰናበትም፤ «እስቲ ቤት እንደሚሠሩት አድርገው ያሳዩኝ» ይላል። ስሕተት ቢኖር በዚያው ይታረማል።

የቆልማማ እግር ምሳሌነት

ሁለቱ ትምህርቶች የማይነጣጠሉ መሆናቸው በቆልማማ እግር ሕክምና ይታያል። በዓለም ዙሪያ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት አንዱ ወይም ሁለቱ ያህል ይህ ችግር አለባቸው። ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ባዳበሩት ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ በጥቂቱ እየተቃና በጄሶ ይታሰራል፤ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጄሶ ይበቃል። ለአብዛኞቹ ሕፃናት የተረከዝ ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይላላል። ከዚያ በኋላ ልጁ በብረት ዘንግ የተያያዘ ጫማ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ቀጥሎም በእንቅልፍ ሰዓት እስከ አራት ዓመት ገደማ ያደርጋል።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። እግሩ ቀንቶ እየታየ ልጁ ሌሊት ሲያለቅስ እናት ጫማውን ብትፈታው የሚያስደንቅ አይደለም። ጎረቤትም «ድኗል፤ ለምን ታሠቃዪዋለሽ?» ሊላት ይችላል። ጫማው ከተተወ ግን እግሩ እንደገና ሊቆለመም ይችላል። የሳምንታት ድካም የሚጠበቀው ተማሪው ለእናትየዋ ምክንያቱን በትዕግሥት ባስረዳት መጠንና በአጠገቧ የሚያበረታታ ሰው በመኖሩ ነው።

ከአጥቢያው የሚጠበቀው

የተከበራችሁ አባቶችና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ያ የሚያበረታታ ሰው ከእናንተ ዘንድ ሊገኝ ይገባል።

አንደኛ፤ በየቤቱ የተኙትንና ከሰው ዓይን የተሰወሩትን የምታውቁ እናንተ ናችሁ። ሕመምተኛውን ወይም ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ ወደ ጤና ተቋም እንዲደርሱ እርዱ፤ የሕሙማንን ስም ግን በዐውደ ምሕረት አታንሡ።

ሁለተኛ፤ የንስሐ አባቶች ለሕመምተኛ ልጆቻቸው ስለ ስግደትና ስለ ጾም እንደ አቅማቸው ይምከሩ። ጠበልና ሕክምና እንደማይጣሉም ያስተምሩ።

ሦስተኛ፤ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ለቀጠሮ የሚሸኙ፣ በቤት ልምምድ የሚያግዙ ወጣቶችን ይመድቡ።

አራተኛ፤ በአካባቢያችሁ ፊዚዮቴራፒ የሚያስተምር ተቋም ካለ፣ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር መጥተው ምእመናንን እንዲያስተምሩና ከምእመናን እንዲማሩ በሩን ክፈቱ። የገበሬውን ጎንበስ ማለት፣ የካህኑን ረጅም ቁመት፣ የእናቶችን እንስራ ያላየ ተማሪ ስለ ወገብ ሕመም የሚያውቀው ግማሹን ነው።

መጻጉዕ ሰው የለኝም አለ። በየአጥቢያችን አልጋ ላይ ያሉት እንዲህ እንዳይሉ፣ የሠለጠነ እጅ ያለው ተማሪና የሚያዝን ልብ ያለው ጎረቤት በአንድነት ወደ ደጃቸው እንዲደርሱ እናድርግ።