ከኮተቤ እስከ ስድስት ኪሎ፦ ሕግ ለመማር ለምታስቡ

«ቲቸር፣ ሕግ ለመግባት ምን ያስፈልጋል?» ኮተቤ በማስተምርበት ክፍል በየዓመቱ የምሰማው ጥያቄ ነው። ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ከ600 ቢያንስ 300 ማምጣት ይጠበቅበታል። ግማሽ ነው፣ ምን አለው አትበሉ፤ በ2015 ዓ.ም. ፈተና በአገር ደረጃ ግማሹን ያገኙት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። «እኔ ጠበቃ እንጂ መሐንዲስ አልሆንም» የሚለውን ልጅ የሚጥለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሒሳብ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ብትገቡም ገና ሕግ አልገባችሁም። ፍሬሽማን የጋራ ትምህርት ነው። የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ፈላጊው ከቦታው ሲበዛ ውጤት ይለያችኋል። ሕግ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ መጨረሻው ላይ የመውጫ ፈተና አለ።

አሁን ብዙዎች የሚዘነጉትን ልንገራችሁ። ስድስት ኪሎ ያለው የሕግ ትምህርት ቤት በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ትምህርቱ ዛሬም በእንግሊዝኛ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤት ግን የሚያከራክረው በአማርኛ ነው፤ የነጋሪት ጋዜጣ ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩም የሚጸናው አማርኛው ነው። በእንግሊዝኛ ኤ ያመጣ ልጅ አቤቱታ ጻፍ ሲሉት እጁ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከአሁኑ ተለማመዱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 ቁጥሮች አሉት። ሁሉን አትፍሩ፣ ውል ምን እንደሆነ የሚናገረውን 1675ን ብቻ በሁለቱም ቋንቋ አንብቡ። ከዚያ ቤት ያለውን የኪራይ ውል አውጥታችሁ ከቁጥሩ ጋር አስተያዩት። ዕረፍት ስትሆኑም የካ ምድብ ችሎት ሂዱ። ችሎት በመርህ ለሕዝብ ክፍት ነው። ስልክ አጥፍታችሁ ከኋላ ተቀመጡና ጠበቃው ሳይመልስ ያለፈውን ጥያቄ አድምጡ። እኔ ከአንድ ጥዋት ችሎት የተማርኩትን ያህል ከመጽሐፍ አላገኘሁም።

ሥራውስ? ዳኝነት፣ ዐቃቤ ሕግነት፣ የባንክና የመሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅነት አለ። ለጥብቅና ዲግሪ ብቻውን አይበቃም፤ የሥራ ልምድና የመግቢያ ፈተናም ይጠየቃል። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ስለፈቀደ፣ አዲስ ተመራቂ ከነባር ጠበቃ ሥር ተቀጥሮ የሚለምድበት ዕድል ሰፍቷል።

ሰኞ 1675ን በራሳችሁ ቃል ጽፋችሁ አምጡ። ከአምስት መስመር ያስበለጠ እንደገና ይጽፋል።