በቀን አንድ እንክብል፣ በዓመት ሁለት ቀጠሮ

በዚህ እትም የምንነጋገረው ስለ ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት አወሳሰድ መቅለልና ይኸው ነገር ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ስላለው ግንኙነት ነው።

በአገራችን መድኃኒቱ በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም.፣ በነፃ መሰጠት የጀመረው ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ ጧትና ማታ በ12 ሰዓት ልዩነት መዋጥ ግድ ስለነበር የብዙ ሰው ኑሮ ከሰዓት ጋር የታሰረ ነበር። ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ስታቩዲን እግርን ያቃጥላል፣ ያደነዝዛል፤ የፊትንም ሥጋ ስለሚያመነምን ጎረቤት ሳይነገረው ያውቅ ነበር። በዚያ ላይ መድኃኒቱ በመጀመሪያ የሚገኘው በትልልቅ ሆስፒታሎች ስለነበር፣ ከአምባራስ የተነሣ ሰው ደባርቅ ዘመድ ቤት አድሮ፣ ዳባትን አልፎ ጎንደር መድረስ ነበረበት።

አሁን በብዛት የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የተባሉት ሦስት መድኃኒቶች በአንድ እንክብል የተዋሐዱበት ነው። ከዚያ በፊት በዶሉቴግራቪር ፈንታ ኤፋቪሬንዝ ነበር፤ እርሱም በቀን አንድ ጊዜ ቢሆንም ቅዠትና ራስ ማዞር ያመጣ ነበር። ሦስቱ በአንድ መሆናቸው ለአመቺነት ብቻ አይደለም። አንዱን ትቶ ሁለቱን መዋጥ ስለማይቻል ቫይረሱ መድኃኒቱን የሚለምድበት ቀዳዳ ይጠብባል።

በጾም ወራት የሚነሣውም ጥያቄ ቀሏል። እንክብሉ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ጾመኛ ማታ ሊወስደው ይችላል፤ እንቅልፍ የሚነሣው ሰው ግን ጧት ቢያደርገው ይሻላል። ረስተው እንደሆነ ባስታወሱ ጊዜ ይውሰዱ። የሚቀጥለው ሰዓት ደርሶ ከሆነ ግን ሁለት አይደረብም።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቀጠሮው ተራርቋል። መድኃኒቱን በሥርዓቱ የወሰደ፣ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ዝቅ ብሎ የተገኘና ሌላ ሕመም የሌለበት አዋቂ የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። እርጉዝና የምታጠባ እናት ግን ቀረብ ያለ ክትትል ያስፈልጋታል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት አካባቢ በደረሰ ጊዜ በቤት ውስጥ የተቀመጠ መድኃኒት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የማያውቅ የአካባቢያችን ሰው የለም።

ይሁን እንጂ ለትዳር ጓደኛው ያልተናገረ ሰው የ6 ወር ብልቃጥ የት ይደብቃል? በልብስ ሣጥን ሥር፣ በእህል ዕቃ ውስጥ የሚያኖር አለ። ድምፁ እንዳይሰማ ብልቃጡን ጥሎ እንክብሉን በፌስታል የሚቋጥርም አለ፤ እርጥበት ሲያገኘው ይበላሻል። እንዲህ ያለ ሰው ለጊዜው አጠር ያለ ቀጠሮ ቢመርጥ እኔ አልነቅፈውም። ብቻውን መናገር የከበደው ደግሞ ባልና ሚስት አብረው መጥተው በባለሙያ ፊት እንዲነጋገሩ መጠየቅ ይችላል። የሚነገረውም እንደ ድሮው የሚያስደነግጥ ብቻ አይደለም፦ መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድና ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህ የሚታወቀው ግን በምርመራ ውጤት እንጂ በሰውነት መወፈር አይደለም። ኮንዶም ደግሞ ለሌሎቹ የአባላዘር በሽታዎች አሁንም ያስፈልጋል።

ወደ ቤተሰብ ምጣኔው እንምጣ። «ሲስተር፣ በክንዴ የተቀበረው እያለ እንዴት አረገዝኩ?» የሚለው ጥያቄ ኤፋቪሬንዝ በሚወሰድበት ዘመን መልስ ነበረው። ኤፋቪሬንዝ በክንድ የተቀበረው ሆርሞን በጉበት ውስጥ ቶሎ እንዲፈርስ ስለሚያደርግ የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። ዶሉቴግራቪር ይህ ጠባይ የለውም። በ3 ወር የሚወጋውና ሉፕ ከሁለቱም ጋር ይስማማሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ግን የተቀበረውንም የሚዋጠውንም የወሊድ መከላከያ ያዳክማል፤ ዶሉቴግራቪርንም ስለሚያዳክም ሕክምናው እስኪያልቅ ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለት ጊዜ ይታዘዛል።

ልጅ የሚፈልጉ ባልና ሚስትስ? በ2010 ዓ.ም. ከቦትስዋና በወጣ ጥናት ዶሉቴግራቪር በጽንሱ አከርካሪ ላይ ጉዳት ያደርስ ይሆናል የሚል ሥጋት ተነሥቶ ነበር። ጥናቱ ሲቀጥል ሥጋቱ በጣም ስለቀነሰ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ለወላድ ሴቶች ጭምር መክሮታል። ስለዚህ ያንን የሰማች እናት መድኃኒቷን በራሷ እንዳታቋርጥ።

በእርግዝና ጊዜ የሚሰጠው የአይረን እንክብል፣ እንደዚሁም ካልሲየም፣ በባዶ ሆድ አብረው ከተወሰዱ ዶሉቴግራቪርን ይይዙታል። ከምግብ ጋር ከሆነ አብረው መወሰድ ይችላሉ። አለዚያ ዶሉቴግራቪር 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ግን ከምግብ ጋርም ቢሆን አብሮ አይሆንም፤ የሰዓቱን ልዩነት መጠበቅ ያስፈልጋል።

የቤተሰብ ምጣኔ ክፍልና ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል በአብዛኛው የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ካርድ ላያይ ይችላል። ለወሊድ መከላከያ ሲመጡ የሚወስዱትን መድኃኒት ብልቃጥ፣ ወይም ስሙን በወረቀት ጽፈው ይዘው ይምጡ፤ በሩን ዘግተን እናየዋለን።